ስም ያልነበረው ጣቢያ

ሶዶ ባቡር አታውቅም። ባጃጅ እስኪያንገሸግሻት ታውቃለች፣ የአረካና የአርባ ምንጭ ሚኒባስ ሲጋፋባት ይውላል፤ ሐዲድ ግን በምድሯ ተዘርግቶ አያውቅም። ስለዚህ አቶ ተሻገር ሀብተሚካኤል ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ ከተማቸው ሲመለሱ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖሩበትን ሙያ የሚያወጉት ሰው አጡ። የአፍደም ጣቢያ ሹም ነበሩ። አፍደም የት ነው የሚል ሲገኝ «ከአዲስ አበባ ሲመጡ ድሬዳዋ ሳይደርሱ» ይላሉ፤ ጠያቂው «እህ» ይልና ወሬውን ወደ ዝናቡ ይመልሰዋል።

ከዚያ ሁሉ ዓመት ይዘውት የመጡት አንድ የእንጨት ሳጥን ነው። አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲገባ የሰጣቸው ሲሆን፣ ውስጡ በጣት የሚነሣ ባቡር አለ፤ አንድ ራስ፣ አምስት ፉርጎ፣ ሠላሳ ስምንት ቀጥ ያለ ሐዲድ፣ አሥራ ሁለት ጎባጣ ሐዲድ፣ ሁለት የመስመር መቀየሪያ፣ ኤሌክትሪኩን የምትመጥን አንዲት ትራንስፎርመር። «ቦታ ሲገኝ እንዘረጋዋለን» ሲባል ሳጥኑ አልጋ ሥር ሠላሳ ዓመት ደፈነ።

ቦታውን ያገኘችው ልጃቸው ፍሬሕይወት ናት። እናቷ ካረፉ፣ በዚያ ላይ የአባቷ ግራ እግር አልታዘዝ ካለ ወዲህ፣ ሽማግሌው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የዳሞታን ተራራ ሲያዩ መዋል ጀመሩ። ፍሬሕይወት የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ቦታ ስትለካ ውላ ስትመለስ፣ አባቷን ጠዋት የተወቻቸው ቦታ ታገኛቸዋለች። አንድ ቅዳሜ ሜትሯን ይዛ ሽንኩርትና የተሰበረ ወንበር የታጨቀባትን ትንሿን ክፍል ለካች። ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ከአርባ፣ አንድ በር፣ ወደ በረንዳው የሚከፈት አንድ መስኮት። «አባዬ፣ ባቡሩ ይገባል» አለቻቸው። እሳቸው መሐረባቸውን ፈለጉ።

እንጨቱን የሚሠራ ሰው ሲጠየቅ እዮኤል መጣ።

እዮኤል የቤሌ ከተማ ልጅ ነው። ሶዶ ውስጥ በሰው ወርክሾፕ በርና ቁም ሣጥን ይሠራል፤ እሁድ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ይዘምራል። ሥራው ብዙ፣ ንግግሩ አጭር ነው። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ሲደነግጥ ብቻ ወንድና ሴቱ ይምታታበታል። ገና በመጣ ቀን የአቶ ተሻገርን እህት እትዬ አያልነሽን «እንዴት ዋልክ» ብሏቸው፣ እስከ ዛሬ አልረሱለትም። እሱ ደግሞ የፍሬሕይወትን ወላይትኛ ሲሰማ ሳቁን መያዝ ያቅተዋል፤ ስንት ዓመት ሶዶ ኖራ፣ እንደ ትናንት መጤ ትናገራለች ይላታል። «ኢንጂነር» ነው የሚላት። ቃሉ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ማዕረግ ነበር፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ጉንጯን ያሞቀዋል።

ፍሬሕይወት መጀመሪያ የሣለችው ክብ መስመር ነበር። ለጠባብ ክፍል ክብ ይመቻል። አቶ ተሻገር ሉሁን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዞሮ ዞሮ እዚያው የሚመለስ ባቡር የትም አልሄደም አሉ። ባቡር ከአንድ ጣቢያ ተነሥቶ ሌላ ጣቢያ መግባት አለበት፤ እዚያ ደግሞ የሚጠብቀው ሰው ይኑር። አፍደም ሳሉ መስመሩ ነጠላ ስለነበር፣ ባቡር ከለቀቁ በኋላ ቀጣዩ ጣቢያ ደውሎ «ባቡሩ ደህና ገብቷል» እስኪላቸው ድረስ ከወንበራቸው አይነሡም ነበር። አንድ ክረምት ጎርፍ መንገዱን ይዞት ስድስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠዋል፤ ሚስታቸው ምሳቸውን እዚያው አጎረሷቸው።

ስለዚህ ሁለት ጣቢያ ሆነ። አንደኛው ያለ ጥርጥር አፍደም ነው። የሁለተኛውን ስም ልጃቸው ታውጣ ተባለ፤ እሷም ይቆይ አለች። እዮኤል ጣት የምታህል ሰሌዳ ቀርጾ፣ ነጭ ቀብቶ፣ ባዶዋን ተከላት።

ጭንቁ የመጣው ከበሩ ነው። ጎባጣው ሐዲድ ብረት ስለሆነ አይታጠፍም፣ አይቃናም፤ አንድ ማዕዘን ለመዞር ሦስት ቁራጭ ይበላል፣ ያለው አሥራ ሁለት ነው። ለአራት ማዕዘን ልክ በልክ። መስመሩ ከመስኮቱ ሥር ከአፍደም ተነሥቶ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ዞሮ፣ በሩን ተሻግሮ፣ ማዶ ያለው ጥግ ላይ መግባት አለበት። በሩ ደግሞ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈት። እዮኤል በሩን ገልብጬ ወደ ውጭ ላድርገው፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው አለ። አቶ ተሻገር ግን፣ ወደ ውጭ የሚከፈት በር እንግዳ ይገፋል፣ የአባቴ ቤት በር ሰውን ወደ ውስጥ ነው የሚቀበል አሉ። ነገሩ በዚያ አለቀ። እዮኤልም በማጠፊያ የምትወርድና የምትነሣ ጣውላ ሠራ። ጣውላዋ ወርዳ በሩን ስትሻገር ባቡሩ ያልፋል፣ በሩ ግን አይከፈትም፤ ውስጥ ያለ ውስጥ፣ ውጭ ያለ ውጭ ነው። አቶ ተሻገር በዚያ እግራቸው ተዘግቶባቸው መቆም ስለማይችሉ፣ ፍሬሕይወት ሽቦውን በመስኮቱ አውጥታ መቆጣጠሪያውን በረንዳ ላይ፣ ወንበራቸው አጠገብ አደረገችላቸው።

ሉሆቹ የሚሄዱበት ሥርዓት ነበራቸው። ፍሬሕይወት ትሥላለች፤ እዮኤል የእንጨቱን ልክ በእርሳስ ይጽፍበታል፤ ከዚያ ለአቶ ተሻገር ይደርሳል፤ እሳቸው «ታይቷል፣ ይሠራ» ብለው ፈርመው ለልጃቸው ይመልሳሉ። ያለዚያች ፊርማ ሚስማር አይመታም። እየቆየ ግን እዮኤል ጠርዝ ላይ የሚጽፈው ነገር ከእንጨቱ ፈቀቅ ማለት ጀመረ። ሦስተኛው ሉህ ላይ፣ «ይህ ጥግ ሃያ ሳንቲም ቢሰፋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቆምበታል» ይላል። እሷ ሃያ አምስት አሰፋችው። አራተኛው ላይ፣ «ኢንጂነር፣ እርሳስሽን ረስተሽ ሄድሽ፤ አልመልስም» ይላል። በማግሥቱ ሌላ እርሳስ ረሳች። አቶ ተሻገር ሁሉንም አነበቡ፤ ሁሉም ላይ «ታይቷል፣ ይሠራ» ብለው ፈረሙ።

እትዬ አያልነሽ ግን ወረቀት ማንበብ አላስፈለጋቸውም። የሁለቱን ዓይን አንዴ አዩ፣ በቃቸው። በረንዳው ላይ ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው፣ የሀብተሚካኤል የልጅ ልጅ ለአናጢ፣ ያውም ለጴንጤ፣ ብለው ለወንድማቸው አማረሩ። አቶ ተሻገር «አረጋዊው ዮሴፍስ ሥራው ምን ነበር?» አሏቸው። ቢሆንም ውስጥ መላጊያ የያዘው ሰው የእትዬ አያልነሽን ቃል ሰምቷል። ፍሬሕይወት መስማቱን አየች፤ አንድ ነገር ልትለው ፈለገች፤ ምን እንደምትል ሳታውቅ ቀኑ መሸ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እዮኤል ሌላ ሰው ሆነ። ይመጣል፣ ሰላም ይላል፣ ወደ ሁለተኛው ጣቢያ ጥግ ሄዶ ይቆማል፣ ሥራውን ሠርቶ ይሄዳል። ቀልድ የለ፣ ኢንጂነር የለ። ሰባተኛው ሉህ ከእሱ ዘንድ ወጥቶ አባቷ ዘንድ እንደደረሰ ታውቃለች፤ ስትጠይቃቸው ግን «እያየሁት ነው» ይሏታል። የመጨረሻው ሉህ ስለሆነ፣ የሚቆረጠው እንጨትም ቀድሞ ስላለቀ፣ አልወተወተችም። አንድ ቀን እዮኤል ቤሌ ላይ ከአጎቱ ግቢ ወርክሾፕ እንደሚከፍት፣ የትምህርት ቤት ዴስክ እንደሚሠራ፣ ባቡሩን ቅዳሜ ሞክረው እሁድ ጠዋት እንደሚሄድ ተናገረ። የተናገረው ለአቶ ተሻገር ነው። እሷ አጠገባቸው ቆማ ነበር።

ፍሬሕይወት እንዲህ ዓይነት ሴት ናት፤ የሰው አጥር ግማሽ ሜትር መንገድ ላይ ወጣ ካለ ፊት ለፊት ትናገራለች፣ የራሷን ነገር ግን አፏ ላይ አድርሳ ትውጠዋለች። እወደዋለሁ ብላ ለራሷ ከነገረች ቆይታለች። የአክስቷ ቃል አስቀይሞት ነው ብላ አሰበች። ሌላም ነገር አሰበች፤ ደፍሮ ቢጠይቀኝስ፣ አባዬን ማን ላይ ጥዬ እሄዳለሁ? የነገሩ ክፋት፣ ሁለቱም ሐሳብ የሚያልቀው አንድ ቦታ ነው፤ እሁድ ጠዋት አውቶቡሱ ሲወጣ እሷ ወጥ ቤት ሆና ስትሰማው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ዳሞታ ላይ ጠቁሯል። አቶ ተሻገር ጠዋት ተላጭተው፣ በምድር ባቡሩ ጊዜ የሚለብሷትን ኮት አስመጥተው ለብሰዋል። በመስኮቱ በኩል እጃቸውን ሰደው ባቡሯን አፍደም ላይ ራሳቸው አሰለፏት። ጣውላው ይውረድ አሉ። እዮኤል አወረደው። እሱና ፍሬሕይወት ውስጥ ቀሩ፤ ሃያ አምስት ሳንቲም በሰፋችው ጥግ፣ ጎን ለጎን።

አቶ ተሻገር ሰዓታቸውን አዩና መቆጣጠሪያውን አዞሩ። ባቡሯ ነቅነቅ አለች፣ እንደ መንቀጥቀጥ ቃጣት፣ ሄደች። ሠላሳ ዓመት አልጋ ሥር የተኛች ባቡር የመጀመሪያውን ማዕዘን በሦስቱ ሐዲድ ላይ ዞረች። ከራሱ ቀጥሎ ባለው ክፍት ፉርጎ ላይ በቀይ ክር የታሰረ አንድ ነገር ተጭኗል። ፍሬሕይወት ምን እንደሆነ ልታይ አጎነበሰች። ሁለተኛውን ማዕዘን ዞረች፣ በሩ ላይ ደረሰች፣ ጣውላው መሐል ገባች፣ ቆመች።

መብራት ጠፋ።

እዮኤል እጁን ሲሰድ ከመስኮቱ ድምፅ መጣ። «ማንም እንዳይነካው። መስመር ላይ ያለ ባቡር በእጅ አይነሣም።» አቶ ተሻገር ይህን ብለው ወንበራቸው ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ። በሩ አይከፈት፣ ባቡሯ አትሄድ፤ ሁለቱ ሰዎች እግራቸውን እያዩ ቆሙ።

የነገው አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው አላት። መንገዱ ደህና እንደሆነ ጠየቀችው። ደህና ነው አላት። ዝናቡ ሲበረታ፣ የቆመችውን ባቡር እያየ ተናገረ።

«ክፉ አላሰብኩም፣ ፍሬ። እንዲገባሽ ነው። መልሱን አውቄዋለሁ።»

«የምን መልስ?»

«በየቀኑ ስመጣ መጀመሪያ የማየው ሰሌዳውን ነው። አሥራ ሁለት ቀን አየሁት። ባዶ ነው። በቃ ገባኝ።»

ፍሬሕይወት ሰሌዳውን አየችው። ጣት የምታህል፣ ነጭ፣ ስም የሌላት። ሰሌዳው ከእነሱ ጋር ምን እንዳገናኘው ጠየቀችው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሰባተኛው ሉህ ጀርባ ላይ ጽፌልሽ ነበር። ጋሽ ተሻገር ፊቱን ፈርመው ይመልሳሉ፣ ጀርባውን አይገልጡም ብዬ።»

«ሰባተኛውን ሉህ አላየሁትም» አለች። «የጣቢያ ሹም ነበሩ እኮ። ጀርባው ያልታየ ወረቀት አልተነበበም ነው የሚሉት።»

ሁለቱም ወደ መስኮቱ ዞሩ። አቶ ተሻገር እንደተኛ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገዋል፤ የዓይናቸው ሽፋን ግን የተኛ ሰው እንደዚያ አጥብቆ አይጨፍንም። አሥራ ሁለት ቀን ይህ ሰው በዚያ በር ገብቶ፣ ባዶ ሰሌዳ አይቶ፣ እምቢ ተብያለሁ ብሎ፣ ቢሆንም መላጊያውን አንሥቶ የአባቷን ባቡር መንገድ ሲያለሰልስ ውሏል። እሷ ደግሞ አኮረፈኝ እያለች ሻይ እንኳ በሰው ትልክለት ነበር። ምን ብሎ እንደጻፈ ጠየቀችው።

«በአፌ አይወጣልኝም። ቢወጣልኝማ ለምን እጽፈው ነበር» አለና፣ በድንጋጤ «አንተ ደግሞ እንዲህ አትየኝ» አላት።

ሳቀች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር፤ እሱም የተናገረው ሲገባው አብሯት ሳቀ። በዚያው ቅጽበት መብራት መጣ። ባቡሯ ከጣውላው ላይ ተነሣች፣ የቀሩትን ሁለት ማዕዘኖች በዝግታ ዞረች፣ ስም የሌለው ጣቢያ ገብታ ፍሬሕይወት ፊት ቆመች። በረንዳው ላይ የተኛው ሰው እጅ መቆጣጠሪያው ላይ ነበር።

ፉርጎው ላይ የታሰረው አጭር እርሳስ ነው፤ እርሳሱ ላይ ወረቀት ተጠቅልሏል። ምን ማለት እንደሆነ ፍሬሕይወት ወዲያው ገባት። በነጠላ መስመር ላይ ባቡር ነጂ ከጣቢያ ሹሙ እጅ ዱላ ሳይቀበል አይንቀሳቀስም ነበር፤ ዱላዋ አንዲት ስለሆነች፣ የያዛት ሰው መንገዱ የእሱ ብቻ ነው። ትእዛዝ ካለ ዱላው ላይ በክር ይታሰራል። ይህን በልጅነቷ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ክሩን ፈታች። ከሰባተኛው ሉህ የተቆረጠ ወረቀት ነው፤ የእዮኤል ጽሑፍ አለበት።

«ፍሬ፣ ቤሌ ወርክሾፕ ልከፍት ነው። አብረሽኝ እንድትኖሪ እፈልጋለሁ። ከጋሽ ተሻገር እንድትለዪ ደግሞ አልፈልግም። ሁለቱ እንዴት እንደሚገጥሙ አላውቅም፤ ፕላን የምታወጪው አንቺ ነሽ። እኔ የማውቀው አንቺ የሠራሽው ነገር ሁሉ እንደሚገጥም ነው። እሺ ካልሽ ለጣቢያው ስም ጻፊለት። ካልሆነ ባዶውን ተዪው፤ ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።»

ከሥሩ የምታውቀው የአባቷ ጽሑፍ ነበር።

«ታይቷል። አሥራ ሁለት ቀን ያቆየሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የጣቢያ ሹሙ ነው። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው። ትናንት ልጁ ባዶውን ሰሌዳ ሁለት ጊዜ ሲወለውለው አየሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሃይማኖቱን ቁጭ ብለን እንመክርበታለን። ሽማግሌ ግን በበር ነው የሚመጣ እንጂ በወረቀት ጀርባ አይመጣም። መልሱ የአንቺ ነው። በእኔ በኩል መስመሩ ተለቋል። ተሻገር።»

ፍሬሕይወት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው የሚለው ላይ ስትደርስ ሁለቱንም ጊዜ ፊደሉ ጠፋባት። እሷ ለእሳቸው ብላ ዝም ብላ ነበር፤ እሳቸው እሷን ማጣት ፈርተው ዝም ብለው ነበር፤ በመካከል ይህ ሰው ዝም ብሎ ቆርጦ፣ ልጎ፣ ገጣጥሞላቸዋል። ቤሌ የዓለም ዳርቻ አይደለም። አውቶቡስ ጠዋት ይሄዳል፣ ከሰዓት ይመለሳል። ክብ ያልሆነ መስመር ሁለቱም ጫፍ ላይ ጣቢያ አለው፤ ይህን ያስተማሯት እኮ እሳቸው ናቸው።

እርሳሷን ያዘች። እዮኤል ትንፋሹን እንደያዘ ያያታል። ጎንበስ አለችና፣ ነጯ ሰሌዳ ላይ ሁለት ፊደል ጻፈች። ቤሌ።

እዮኤል ሰሌዳውን አነበበ፤ እንደገና አነበበው። «ሎኦ» አለ በራሱ ቋንቋ፣ መልካም ማለቱ ነው። እጇን ያዘ። የእንጨት ዱቄት እንዳለበት የተሰነጣጠቀ እጅ ነው፤ ፍሬሕይወት ይህ እጅ ነገ በአውቶቡስ መስኮት ሲውለበለብ እንደማይከፋት አወቀች፤ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚሄደው።

ከዚያ እርሳሷን ፉርጎው ላይ መልሳ አስቀመጠች። የደረሰ ባቡር ዱላውን ይመልሳል። ወደ መስኮቱ ሄደች። አባቷ አሁን ዓይናቸውን ገልጠዋል፤ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደዚያ የጎርፍ ቀን ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«አባዬ» አለቻቸው፣ «ባቡሩ ደህና ገብቷል።»

አቶ ተሻገር ምርኩዛቸውን ፈለጉ፤ ተደግፈው ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። እንባቸውን አልጠረጉትም። ጆሮአቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉና፣ ዝናቡ ነው፣ በደንብ አልሰማሁሽም፣ አንድ ጊዜ ድገሚው አሏት። ደገመችላቸው።